ለአቶ ቢቂላ የታጠነ ጋን

ባለቤቴ በለጡ ጠላ በምትጠምቅበት ሰሞን ማድቤት መግባት የሚፈቀድላት እሷ ብቻ ናት። እኔ አልገባም፤ እጄ ጠመኔ ይሸታል። ልጃችን ምስጋና አይገባም፤ ሽቶ ይቀባል። ጎረቤታችን ሀምዲያ አትገባም፤ ልብሷ ላይ የሰንደል ሽታ አለ። ሽንኩርት የከተፈ፣ መንገድ ላይ ከሰው የተጣላ፣ ከቀብር የመጣ፣ ያስነጠሰ፣ ሊያስነጥስ የሚመስል፣ ማንም አይገባም። ዓይኑ የሚያስፈራ ሰውማ ከግቢው በር ይመለሳል። አንድ ጊዜ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው ነበር። ቆጣሪው ማድቤቱ ግድግዳ ላይ ነው፤ እና ጠላው ሲደርስ ተመለስ ተባለ። ሰውዬው የመንግሥት ሥራ ላይ መሆኑን ቢነግራት፣ «እኔስ ምን ላይ ያለሁ መሰለህ?» አለችው።

ይህ ሁሉ ለጽዳት ነው። ለጽዳት ያላት ፍቅር ለእኔ ካላት ይበልጣል ብዬ አላማርርም፤ በታወቀ ነገር ማማረር ጊዜ ማባከን ነው። እኔ አምባው እባላለሁ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። አሶሳ የመደቡኝ ለሁለት ዓመት ብለው ነበር፤ ሁለቱ ዓመት ገና አላለቀም መሰለኝ፣ ፀጉሬ ሸብቶ እዚሁ አለሁ። በለጡን ያገባኋት ከዚያ በፊት መተከል፣ ወንበራ ውስጥ ባለችው ደብረ ዘይት ሳስተምር ነው። ስንዛወር ይዛ የመጣችው ትልቁ ንብረቷ እናቷ የሰጧት የጠላ ጋን ነበር። አይሱዙው ላይ ገለባ ጎዘጎዘችለትና እሷ ከኋላ ጋኑን አቅፋ ተቀመጠች፤ እኔ ከፊት ከሹፌሩ ጋር ነበርኩ። ቡለን ስንደርስ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጩኸት ሰምቼ፣ እኔን የጠራች መስሎኝ በድንጋጤ ዘልዬ ወረድኩ። ለካ የምትጮኸው ለጋኑ ነው።

ጋኑ የራሱ ሥርዓት አለው። ሳሙና አይነካውም። «ሳሙና ጋን ይገድላል» ትላለች። መጀመሪያ በውሃ ይታጠባል፤ ከዚያ በግራዋ ቅጠል እስከ ሆዱ ድረስ ይታሻል፤ አረንጓዴው ውሃ ተደፍቶ ደግሞ ይታጠባል፤ በመጨረሻ በሚጨስ የወይራ እንጨት ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጭሱን ሲጠግብ ይቃናና በነጭ ጨርቅ ይሸፈናል። እኔ በዚህ ቤት እንደዚያ ተሸፍኜ አላውቅም።

ግን ክፉ ልናገር ብልም በጠላዋ አልችልም። በሚካኤል ማኅበራችን የበለጡ ተራ ሲደርስ ታምሜ ነው ብሎ የቀረ ሰው የለም። የታመመውም ይመጣል። ወርቅአፈራሁ የምትባል የማኅበራችን ሴት አንድ ጊዜ ጠላዋ ኮመጠጠባት። ሌላው ሰው ከንፈሩን ሰብስቦ ዝም ሲል፣ በለጡ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና፣ «ጋኑ ታጥቧል?» አለቻት። ያለችው ይኸው ብቻ ነው። ወርቅአፈራሁ እስከ ዛሬ ሰላም አትላትም።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ። ምስጋና ጾሬ የስደተኞች ጣቢያ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የውሃና የንጽሕና ሠራተኛ ነው። ሥራው ሰዎች ጀሪካናቸውን እንዴት እንደሚያጥቡ ማስተማር ነው። ዩኒቨርሲቲ ድረስ ልኬው ጀሪካን አጣቢ ሆነ እላለሁ እኔ፤ እናቱ ደግሞ ልጄ ሙያዬን ወረሰ ትላለች። እዚያው ጣቢያ ፌቨን የምትባል ነርስ ወደደ። ጥሩ ልጅ ናት። መጀመሪያ ቤታችን የመጣች ዕለት ማድቤቱ በር ላይ ቆማ ጫማዋን አወለቀችና፣ «እማማ፣ እጄን ታጥቤ ልግባ ወይስ ከዚህ ልቀመጥ?» አለች። በለጡ ማታውን ምስጋናን፣ «ሌላ ልጅ ይዘህብኝ ብትመጣ አልቀበልም» አለችው።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። አቶ ቢቂላ ከወለጋ መጥተው ባምባሲ የሚነግዱ፣ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የሃይማኖቱ ልዩነት እንኳ እንደ ጠላው አላስጨነቃቸውም። ረጋሳ የሚባል ታላቅ ወንድም ነበራቸው፤ መጠጥ ጨረሰው። አንድ ክረምት ጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ ወድቆ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በአቶ ቢቂላ ቤት መጠጥ አይገባም፤ የረጋሳም ስም አይነሳም።

ሽማግሌ ላክን። መልሳቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ «ልጁን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ልጅ ነው። ቤቱን ግን አላውቀውም። እኔው ራሴ መጥቼ አየዋለሁ፤ መልሴንም እዚያው እሰጣለሁ።» ፌቨን ደግሞ ለብቻዋ ደውላ አስጠነቀቀችን። «እማማ፣ አባቴ የመጠጥ ሽታ እንኳ ከሸተተው ተነስቶ ይሄዳል። አንዴ ከሄደ አይመለስም፤ እኔም ያለ እሱ ምርቃት አላገባም።» ምስጋና ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ በአግባቡ መብላት ተወ። የልጁ ነገር በአንድ ብርጭቆ መጠጥ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

በለጡ አልተጨነቀችም። «ቀሪቦ ነው የማቀርብላቸው» አለች።

ቀሪቦ ለማያውቅ ሰው፦ ገብስ ጥቁር እስኪል ይቆላል፣ ፈልቶ ይጣራል፣ ስኳር ይገባበታል፣ ከዚያ አድሮ ቀዝቅዞ ይጠጣል። ጌሾ የለው፣ ብቅል የለው። ጠላ የማይነካ ሰው፣ ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም፣ ሕፃኑም ይጠጣዋል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማማን። ጠቡ የተነሳው በዕቃው ነው።

«በምን ልታደርጊው ነው?» አላት ምስጋና።

«በጋኔ ነዋ! በምን ላድርገው ታዲያ?»

«እማዬ፣ እሱ የጠላ ጋን ነው። ሸክላ ደግሞ ይመጥጣል። የስንት ዓመት እርሾ ግድግዳው ውስጥ ተኝቷል፤ በዓይን አይታይም፣ በግራዋም አይወጣም። ስኳር ሲያገኝ ይነሳል። ክዳን ያለው አዲስ ባልዲ ልግዛልሽ፣ በክሎሪን አጥቤ—»

በለጡ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ይህ ምልክት ሲታይ እኔ ያላረምኩት የተማሪ ደብተር ትዝ ይለኛል።

«ባልዲ? የሰው ልጅ ልታገባ፣ አባቷን በባልዲ? ፕላስቲክ! እኔን ስደተኛ ጣቢያ ያለሁ አስመሰልከኝ እኮ! ደግሞስ ጋንሽ ቆሻሻ ነው ነው የምትለኝ?»

«ቆሻሻ አላልኩም። እርሾ ነው ያልኩት።»

«ያው ነው! እኔ የማላየውን አየሁ የሚል ልጅ ወለድኩ። አምባው፣ ትሰማዋለህ?»

እሰማዋለሁ። ልክ መሆኑም ገብቶኛል። በዚህ ቤት ልክ መሆን ምን እንደሚያስከትል ግን ከእሱ በፊት ስለማውቅ ደብተሬን ማረም ቀጠልኩ።

ጋኑ ተዘጋጀ። ለማኅበር ሲሆን አንድ እቅፍ ግራዋ ይበቃዋል፤ ለአቶ ቢቂላ ሲሆን ግራዋው በጋሪ መጣ። ታሸ፣ ታጠበ፣ ደግሞ ታሸ። የወይራው ጭስ ግቢውን ሞልቶ በቀርከሃው አጥር ሲወጣ፣ ሀምዲያ ባልዲ ውሃ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«በለጡ! ቤትህ ተቃጠለ?»

ሀምዲያ የበርታ ሰው ናት፤ አማርኛ ስትናገር ሁላችንንም ወንድ ታደርገናለች። በለጡን ከእኔ የበለጠ ወንድ ብታደርጋት የምከራከርበት ምክንያት የለኝም።

«አልተቃጠለም፣ ጋን እያጠንኩ ነው። እዚያው ቁሚ፣ አትጠጊ!» አለቻት በለጡ።

ዓርብ ከሰዓት ቀሪቦው ጋኑ ውስጥ ገባ። በለጡ አፉን በጨርቅ ሸፈነች፣ በላዩ ሰሃን ደፋች፣ ዙሪያውን በጭቃ መረገችው። ከዚያ ሕጉን አወጀች፦ እንግዶቹ እስኪመጡ ጋኑ አይከፈትም፤ ልቅመሰው የሚባል ነገር የለም፤ ጭልፋ የገባበት ነገር ይበላሻል። እሷም ጭምር አትቀምስም። ሕግ ስታወጣ ራሷንም አትምርም፤ ይህን እንኳ ልመስክርላት።

እንግዶቹ የሚጠበቁት ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፌቨን ደወለች። ባምባሲ አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ሞቷል፤ አባቷ ሽማግሌ ናቸውና ቀብረው፣ ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀምጠው፣ ረቡዕ ይመጣሉ።

«እማዬ፣ በቃ ድፊውና ማክሰኞ አዲስ ጥመቂ» አለ ምስጋና።

«ገብሱ ንጹሕ፣ ውሃው ንጹሕ፣ ጋኑ ንጹሕ፣ አፉ ምርግ! ምን ሆነና ነው የምደፋው?»

ወሩ ሚያዝያ ነው። የአሶሳን ሚያዝያ ለማያውቅ፣ ማንጎው ከዛፉ ሳይወርድ የሚቦካበት ወር ነው ብል ይበቃል። የማድቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። እንግዲህ ስኳሩን፣ ሙቀቱንና ያንን የተከበረ ጋን አንድ ላይ ዘግታባቸው ወጣች።

እሑድ በማድቤቱ ጀርባ ሳልፍ የሆነ ድምፅ ሰማሁ።

«በለጡ፣ ጋንሽ ያጉረመርማል» አልኳት።

«የምታጉረመርመው አንተ ነህ።»

ሰኞ ሀምዲያ ከአጥሩ በላይ አንገቷን አስግጋ፣ «በለጡ፣ ማድቤትህ ይዘፍናል» አለች። ማክሰኞ ምርጉ ተሰነጠቀ። በለጡ አዲስ ጭቃ አቡክታ ደፈነችውና፣ «ሙቀት ነው የሰነጠቀው» አለች። ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ በከተማው የለም፤ ዕድሜ ልኳን ስትሰማው ኖራለች። ነገር ግን ጠላ የሚፈላው ጌሾና ብቅል ሲገባበት ነው። ይህ ደግሞ ቀሪቦ ነው። ስለዚህ አይፈላም፤ ቢፈላም አይሰማም።

ረቡዕ ከሰዓት እንግዶቹ በባጃጅ መጡ። አቶ ቢቂላ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስና ባርኔጣ ያደረጉ ሰው ናቸው። ከኋላቸው ሚስታቸው ወይዘሮ ብሪቱ ነበሩ፤ አጠር ያሉ፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ የተከናነቡ። የላክናቸው ሽማግሌዎች ስለ እሳቸው ያነሱት ነገር ስላልነበረ እኛም ብዙ አላሰብንባቸውም። ጥግ ላይ ወንበር ሰጠናቸው፣ ተቀመጡ። ከጎረቤት ሀምዲያ ተጠርታ ነበር። ፌቨን በወጉ መሠረት አልመጣችም፤ የምስጋና ስልክ ግን ኪሱ ውስጥ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አቶ ቢቂላ ከመቀመጣቸው በፊት ግድግዳውን አዩ፣ ወለሉን አዩ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አዩ። አፍንጫቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ። የሸተታቸው ወይራ ነው።

«ቤታችሁ ንጹሕ ነው፣ መምህር» አሉኝ።

በለጡ በዚያች ቃል አንድ ክንድ ያህል አደገች። ወዲያው ጋኑ ሳሎን እንዲመጣ አዘዘች፤ ምርጉ እንግዶቹ ፊት እንዲነሳ፣ ማንም እንዳልነካው በዓይናቸው እንዲያዩት። እኔና ምስጋና ወገባችን እስኪቆረጥ ተሸክመን አመጣነው። እሷ ስለ ግራዋው፣ ስለ ወይራው፣ ስለ እጥበቱ አንድ በአንድ ስታስረዳ አቶ ቢቂላ እንደ ስብከት በጥሞና አዳመጡ። ከዚያ ጭቃውን ፈረከሰችው። ጋኑ «እፍፍፍ» ብሎ ተነፈሰ። አረፋው እስከ አፉ ወጣ።

«የስኳሩ አረፋ ነው» አለች በለጡ።

በጆግ ቀዳች። ወይዘሮ ብሪቱ እጃቸውን ብርጭቆው ላይ ከደኑበትና፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ስኳር በሽታ አለብኝ፤ ውሃ ስጪኝ» አሉ። በለጡ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ፊቷ ግን ለአንድ አፍታ ወርቅአፈራሁን እንዳየች ሆነ። ሀምዲያ ብርጭቆዋን ወደ አፏ ወሰደች፣ ብርጭቆው አፍንጫዋ ሥር ሲደርስ ቆመች፣ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አስተግፊሩላህ» አለች በለሆሳስ፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ።

እኔ አቶ ቢቂላ ላይ ተከልኩ። አንዱን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጨርሰዋል። የባምባሲ መንገድ አቧራ ያስጠማል።

«ዋቃዮ! እንዲህ ያለ ቀሪቦ ጠጥቼ አላውቅም!» አሉ። በለጡ ደገመችላቸው።

ያኔ ቀመስኩ። እኔ ጠጥቼ አውቃለሁ፤ በየዓመቱ የሚካኤል ዕለት። ግን ይህን ያህል የጣፈጠ አልነበረም። ገብሱ፣ ጭሱ፣ ስኳሩ ተስማምተው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ የሚያጨበጭብለት ጠላ ሆኗል። ምስጋናም ቀመሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። የንጽሕና ሠራተኛ ነኝና ነግሬያችሁ ነበር ሊል የሚችልበት ጊዜ ቢሆንም፣ ልጁ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት ያያል።

አቶ ቢቂላ ሁለተኛውን ሲጋምሱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሲጨርሱት «መምህር» የሚሉኝ ሰውዬ «አምባው» አሉኝ። ሦስተኛው ላይ፣ ወጣት ሳለሁ ገዛሁት ስላሉት፣ ወንዝ ባየ ቁጥር ስለሚተኛ በቅሎ አወሩን፤ ራሳቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወይዘሮ ብሪቱ ያ ሳቅ ከሌላ ቤት የሚመጣ ይመስል ዞረው አዩዋቸው። እኔ ለበለጡ በዓይኔ ምልክት ሰጠሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ እግሯን ረገጥሁ። እግሯን ሰብስባ፣ «አረፍ በል» አለችኝ።

በመጨረሻ አቶ ቢቂላ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

«እንግዲህ ወደ መጣሁበት ልግባ። ይህን ቤት አየሁት። ንጹሕ ቤት ነው። ንጹሕ ቤት ንጹሕ ልጅ ያሳድጋል። ፌቨን ለእኔ አንድ ሴት ልጄ ናት...»

በለጡ እንግዳዋ ሲያመሰግኗት በደስታ፣ ሥራዋ ሁሉ ስላለቀ፣ ለራሷ አንድ ብርጭቆ ቀድታ ነበር። ያኔ ጎነጨች።

ፊቷን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አልተኮሳተረም፣ አልደነገጠም። ዝም ብሎ ባዶ ሆነ። ጋኑን አየችው፤ የእናቷን ጋን። ከዚያ ምስጋናን አየችው። ከአቶ ቢቂላ አፍ የቀረው አንድ ቃል ነው። ያችን ቃል ጠብቃ ብርጭቆዋን ብታስቀምጥ ማንም ምንም አያውቅም፤ ልጇ ያገባል፣ ጋኗ እንደ ተከበረ ይኖራል። እኔ፣ «ዝም በይ፣ በእናትሽ ዝም በይ» እያልኩ በሆዴ ለመንኳት። ይህን ስል አላፈርኩም፤ ልጄን እወደዋለሁ።

በለጡ ተነስታ ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰደች።

«አቶ ቢቂላ፣ አይጨርሱ» አለች። «ቃሉንም መጠጡንም አይጨርሱ። ይህ ቀሪቦ አይደለም፤ ጠላ ሆኗል። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ሆን ብዬ አላደረግሁትም። ልጄ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።» ወደ ጋኑ ዞረች። «ጋኔ ንጹሕ አልነበረም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለመስማት በትዳር ያሳለፍኩትን ዘመን ሁሉ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ስሰማት ግን እሷን አቅፌ ብወጣ ደስ ባለኝ።

ጣሪያው ላይ ማንጎ ወደቀ። አቶ ቢቂላ ባዶ እጃቸውን አዩት።

«ይህ መጠጥ ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ረጋሳ ይጠጣው የነበረው?»

ወይዘሮ ብሪቱ ቀና አሉ። ያ ስም ከባላቸው አፍ ከወጣ ስንት ዘመኑ። እኛ ሁላችን ተነስተው የሚሄዱበትን ጠበቅን። ምስጋናማ በሩን እያየ ነበር።

«ለካ ይጣፍጣል» አሉ አቶ ቢቂላ። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «እኔ እኮ እሬት የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር። በሕይወቴ ቀምሼው አላውቅም። ሰው እንዴት ሚስቱን፣ ልጆቹን ትቶ እሬት ይመርጣል እያልኩ ነበር። በጥላቻ ነው የቀበርኩት። በቀብሩ ቀን አንድ ጠብታ አላለቀስኩም። እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማንም አልነገረኝም። ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ፤ አራተኛውን ልጠይቅ ነበር እኮ!»

ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። እዚህ ላይ የማሾፍበት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ሲረጋጉ ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ኮታቸውን አስተካከሉ። «በዚህ አፌ መልስ አልሰጥም» አሉ። «መጠጥ የገባበት ቃል ቃል አይደለም። ልጄን በእሱ አልሰጥም፣ አልከለክልምም። ሌላ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ።»

ሌላ ጊዜ! ሰው ወዳለቀሰበት ቤት ተመልሶ እንደማይመጣ እናውቃለን። ነገ ጠዋት ራሳቸውን ይዘው ሲነሱ፣ ምእመኖቻቸው ትዝ ሲሏቸው፣ ይህ ቤት ምን ሆኖ እንደሚታያቸው ለመገመት አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ምስጋና ዓይኑን በእጁ ሸፈነ። አቶ ቢቂላ ለመነሳት ሞከሩ፤ ወንበሩ ግን ገና አልለቀቃቸውም።

ያኔ ከጥግ የውሃ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«እኔ ውሃ ነው የጠጣሁት» አሉ ወይዘሮ ብሪቱ።

ሁላችንም ዞርን። ሴትዮዋ መኖራቸውን ያወቅነው ያኔ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

«ሽማግሌ መጣ፣ ቢቂላን ጠየቀ። ቢቂላ መጣ፣ ቤት አየ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ፌቨንን ግን የወለድኳት እኔ ነኝ።» ነጠላቸውን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉ። «ይቺ ሴትዮ ዝም ብትል ልጄን ታገኝ ነበር። አየኋት፣ ብርጭቆዋን ይዛ ስታስብ አየኋት። አፌ ንጹሕ ነው፤ ጠብታ አልነካውም። እኔ ሰጥቻለሁ።»

አቶ ቢቂላ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከመጠጡ ይሁን ከስምምነት ወዲያው አልለየንም። «ቃሏ ቃሌ ነው» ሲሉ ነው የለየን። ሀምዲያ እልል ብላ ተነሳችና በለጡን አቀፈቻት። «ጎበዝ ነህ!» አለቻት። ምስጋና ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ሮጠ።

«አንድ ነገር ግን አለ» አሉ ወይዘሮ ብሪቱ ወደ በለጡ ዞረው። «ከእንግዲህ ለቢቂላ ቀሪቦ የምትጠምቂው በባልዲ ነው። በአዲስ ባልዲ።»

በለጡ ጣሪያውን አየች። «በፕላስቲክ?»

«በፕላስቲክ።»

ዋጠችው። ከቀሪቦው ይልቅ ይህኛው እንደመረራት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰርጉ ሆኖ አለፈ። አሁን ማድቤታችን ውስጥ ነጭ፣ ክዳን ያለው ባልዲ ከጋኑ ጎን ቆሟል፤ ምራታችን ፌቨን መጥታ በክሎሪን ስታጥበው በለጡ ቆማ ታያለች። እንደ እውነቱ ከሆነ የመጀመሪያው ባልዲ አይደለም። የመጀመሪያውን፣ ሰው ሳያያት፣ ወይራ ላይ ደፍታ ልታጥነው ስትል ቀልጦ ፍሙ ላይ ተጣበቀ። «ጭስ ያልነካው ዕቃ እንዴት ንጹሕ ይባላል?» አለችኝ፣ በቀለጠው እጀታ እየጠቆመችኝ። ሁለተኛውን ከጭሱ ትንሽ ራቅ አድርጋ ሞከረች። ስለ ሁለተኛውም ባንነጋገር ይሻላል።

አቶ ቢቂላ ለገበያ አሶሳ ሲመጡ ሳይጠይቁን አይመለሱም። በለጡ ስትቀዳላቸው ሁልጊዜ፣ «ከየትኛው ነው?» ይላሉ። «ከባልዲው ነው» ትላቸዋለች። ወደ ማድቤቱ፣ ወደ ጋኑ በኩል ትንሽ ያያሉ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ብቻ ይጠጣሉ፤ እየጠጡም ስለ ረጋሳ ያወሩናል። ያንን ወንዝ ባየ ቁጥር የሚተኛ በቅሎ የገዛው ለካ እሱ እንጂ እሳቸው አልነበሩም።